አራት ተጠርተው ሦስት የተገኙበት የካርቱም ውድድር

ከካርቱም መኻል ከተማ በስተደቡብ አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፊ ሰፈር አለ። ቃሉ በዐረብኛ የጋዜጣ ሥራ ማለት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሥቶ ነዋሪውን እስኪበትነው ድረስ፣ በልዩ ልዩ ጊዜ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ወደ ሱዳን የተሻገሩ ብዙ ሰዎች በዚህ ሰፈር ከሱዳናውያን ጋር ጎረቤት ሆነው ይኖሩ ነበር። በሱዳን ልማድ ሰርግ ወይም ልቅሶ የሆነበት ቤት በደጁ መንገድ ላይ «ስዋን» የተባለውን ትልቅ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤትም ወንበሩንና ትሪውን ይዞ ይመጣል፤ «ነፊር» እያሉ የሚጠሩት የመረዳጃ ሥራ ከሐበሻው ደቦ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ስለዚህ ከሐበሻው ወገን በዚያ ሰፈር ልጁን የዳረ ሰው በዳሱ ፈንታ ስዋን ተተከለለት እንጂ የድግሱ ጭንቀት አልተለወጠበትም።

ድንኳን መትከልና ወንበር መደርደር ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ገንዘብ ካለ ይከራያል፣ ገንዘብ ከሌለ ጎረቤት ያውሳል። በድግስ ሥራ ያረጁ አሳላፊዎች ሁሉ እንደሚያውቁት፣ ደጋሹን እንቅልፍ የሚነሣው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ማን ይጠራ፣ ማን ከማን ጎን ይቀመጥ፣ የተጠራው ሰው የቀረ እንደ ሆነ የርሱ መሶብ ወደ ማን ይዙር የሚለው ነው። ጠሪ አክባሪ ይባላል። ነገር ግን ከተጠሩት አንዱ «እገሌ በሚቀመጥበት አልቀመጥም» ብሎ ከደጅ የቆመ እንደ ሆነ፣ አክባሪው ደጋሽ ወይ የቤቱን ሥርዐት ለእንግዳው ሲል ያፈርሳል፣ ወይ ለእንግዳው ያሰናዳውን ቦታ ባዶውን ይተዋል። ሦስተኛ መንገድ ያለ ይመስላል እንጂ የለም።

ይህ የድግስ ችግር ከአል-ሳሃፋ ብዙ በማይርቀው በካርቱም ስታዲዮም በ1949 ዓ.ም. በአህጉር ልክ ተገልጦ ታይቶ ነበር። የአፍሪቃ ዋንጫ የተባለው የእግር ኳስ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በዚህች ከተማ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ውድድር ፍጻሜ ዙር 24 አገሮች የሚሰለፉ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ግን አራት ተጠርተው ሦስት ተገኙ፤ ጨዋታውም ሁለት ብቻ ነበረ። ሁለት ጨዋታ ብቻ የተደረገበትን ውድድር ታላቅ ዝግጅት ብሎ መጥራት ምናልባት ለአንዳንድ አንባቢ የሚያስቅ ይመስል ይሆናል። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በአፍሪቃ ምድር ለተደረጉት ታላላቅ ውድድሮች ሁሉ መሠረት የሆነው ይኸው ትንሽ ውድድር ነው፤ መሠረትነቱም በተጫወቱት ሦስቱ ብቻ ሳይሆን ባልተጫወተችው በአራተኛይቱም ምክንያት ነው።

የነገሩ መነሻ ከአፍሪቃ ውጭ ነበረ። በሰኔ ወር 1946 ዓ.ም. ፊፋ የተባለው የዓለም የእግር ኳስ ማኅበር በስዊስ አገር በበርን ከተማ ባደረገው ጉባኤ፣ አፍሪቃ በሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ውስጥ ወንበር እንዲኖራት ተፈቀደ፤ ወንበሩንም የያዙት ግብፃዊው ኢንጂኒየር አብደል ዐዚዝ ዐብደላህ ሳሌም ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ለፊፋ ጉባኤ ወደ ሊስቦን የመጡት የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪቃ መልእክተኞች ግንቦት 30 እና ሰኔ 1 ቀን 1948 ዓ.ም. አቬኒዳ በተባለው ሆቴል ለብቻቸው ተገናኝተው መከሩ። ምክራቸውም አፍሪቃ የራስዋ የእግር ኳስ ኮንፌዴራሲዮን እንዲኖራት፣ ለዚህም በሚመጣው ዓመት በካርቱም እንዲሰበሰቡ፣ ከስብሰባውም ጋር ውድድር እንዲደረግ ነበረ። ኢትዮጵያ ከነዚህ ጋር አራተኛ ሆና ገባች። በዚያን ዘመን ከአፍሪቃ የፊፋ አባል የነበሩት እነዚሁ አራቱ ብቻ ናቸው፤ ከአህጉሩ የሚበዛው ክፍል ገና በቅኝ ገዢዎች እጅ ነበረና። ጋና እንኳ ነጻነትዋን ያገኘችው የካርቱም ውድድር ካለቀ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው።

ከሊስቦኑ ምክር እስከ ካርቱም ጨዋታ ድረስ ያለው ጊዜ ስምንት ወር ነው። ስምንት ወር ለድግስ ብዙ ነው፤ ለአህጉር ግን ትንሽ ነው። ደግሞም የጋባዥይቱ አገር ዕድሜ ራሱ ትንሽ ነበረ፤ ሱዳን ነጻነትዋን ያወጀችው ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ውድድሩ ሲከፈት የሱዳን መንግሥት የ13 ወር ልጅ ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን የሱዳን የእግር ኳስ ማኅበር ከመንግሥቱ ይልቅ ሽማግሌ ነበረ፤ በኦምዱርማንም ሂላልና መሪኅ የተባሉት ሁለቱ ቡድኖች ሕዝቡን ለሁለት ከፍለው ማጫወትና ማሟገት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። ተመልካች ፍለጋ መድከም አላስፈለገም፤ የኳስ ፍቅር የተዘጋጀ ነበረና።

የወሩም ምርጫ በማስተዋል የተደረገ ይመስላል። የካርቱምን በጋ የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክረው፣ ከመጋቢት በኋላ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ቀጥሎም ሀቡብ የሚባለው የአሸዋ ማዕበል እየተነሣ ቀኑን ያጨልመዋል። በጥርና በየካቲት ግን አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ስለ ሆነ ሰው በስታዲዮም ውስጥ ያለ ጭንቀት ለመቀመጥ ይችላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከአዲስ አበባ ወርዶ ከ400 ሜትር በታች በሆነ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ተጫዋች ከየካቲት በቀር በሌላ ወር ቢጋበዝ ኖሮ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያስቸግርም። ታላቅ ዝግጅት የሚያሰናዱ ሰዎች ስለ ሕንጻ ከመጨነቃቸው በፊት ስለ ወር ቢጨነቁ ብዙ ወጪ ይድናል።

እንግዶቹ ግን ከየቤታቸው በሰላም የወጡ አልነበሩም። በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. እስራኤል፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በስዌዝ ምክንያት ግብፅን ወግተው ነበር። ግብፅም በዚሁ ጦርነት ምክንያት በኅዳር ወር በሜልቦርን ከተማ በተከፈተው የኦሊምፒክ ጨዋታ አልተካፈለችም። የስዌዝ ቦይ ገና ሳይከፈት ነው ቡድንዋን ወደ ካርቱም የላከችው። ኢትዮጵያ በበኩልዋ በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ሰንደቅ ዓላማዋን አሳይታ መመለስዋ ነበር። ይህንን የሜልቦርንን ነገር አንባቢ ልብ ይበለው፤ ወደ ኋላ ያስፈልጋልና።

በወረቀት ላይ የሠፈረው ፕሮግራም የተስተካከለ ነበር። አራት ቡድን ለሁለት ተከፍሎ ሱዳን ከግብፅ፣ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪቃ ይጋጠማሉ፤ ያሸነፉት ሁለቱ ለዋንጫው ይደርሳሉ። ዋንጫው ከብር የተሠራ ሲሆን የሰጡትም ኢንጂኒየር ሳሌም ስለ ነበሩ በስማቸው ተጠራ። ፕሮግራም ለመንደፍ ከአራት የሚበልጥ ቍጥር አይገኝም፤ ሲካፈል አይጎድልም፣ ሲደመርም አያደክምም። ከአራቱ አንዱ የቀረ እንደ ሆነ ግን ሁሉ ይናጋል።

የደቡብ አፍሪቃ መልእክተኛ ፍሬድ ፌል በካርቱሙ ስብሰባ ላይ ተገኝተው ነበር። በአገራቸው ግን ከ1940 ዓ.ም. ወዲህ አፓርታይድ የተባለው ዘርን ከዘር የሚለየው ሥርዐት ሕግ ሆኖ ስለ ነበረ፣ ማኅበራቸው ለመላክ የሚፈቅደው ወይ ነጮች ብቻ ያሉበትን ቡድን፣ ወይ ጥቍሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን ነበር። ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ቡድን አድርጎ መላክ አይሆንም አለ። የግብፅ፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ መልእክተኞችም እንዲህ ያለውን ቡድን ለመቀበል እምቢ አሉ። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1957) በጥቍር ዐባይ ዳር በሚገኘው በግራንድ ሆቴል ኮንፌዴራሲዮኑ ሲመሠረት፣ የደቡብ አፍሪቃ ስም ከጨዋታው ፕሮግራም ወጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። ውድድሩ ሊከፈት የቀረው ሁለት ቀን ነበር። አሰናጆቹ ነገሩን በዘዴ ሊያልፉት ይችሉ ነበር፤ «በዚህ ዓመት እንደ ተገኘው ይሁን፣ በሚመጣው እንነጋገርበታለን» ለማለት ምክንያት አያጡም ነበር። ፕሮግራሙም ሳይጎድል፣ ተመልካቹም ሦስት ጨዋታ አይቶ ይገባ ነበር። ከሦስት ወር በፊት በሜልቦርን የሆነው ይኸው ነው፤ ነጮች ብቻ የተሰለፉበት የደቡብ አፍሪቃ ቡድን በኦሊምፒኩ ሰልፍ ውስጥ አለፈ፣ ማንም አልከለከለውም። በ1952 ዓ.ም. በሮማም እንዲሁ ሆነ። የኦሊምፒኩ ኮሚቴ ደቡብ አፍሪቃን ከጨዋታው ያስቀረው በ1957 ዓ.ም. ለተደረገው ለቶኪዮ ውድድር ነው። እንግዲህ ብዙ ገንዘብና የረዥም ዘመን ልምድ የነበረው ታላቁ ማኅበር ለመቍረጥ የዘገየበትን ነገር፣ ገንዘብ ያልነበራቸው ሦስቱ አገሮች በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ቀድመው ቈረጡት። ስለ ካርቱሙ ውድድር ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳም።

ነገር ግን ቍርጡ ዋጋ አስከፍሏል፤ የከፈለችውም በተለይ ኢትዮጵያ ናት። ተጋጣሚዋ ስለ ቀረ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች። ይህ ሲሰማ ዕድል ይመስላል፤ በሜዳ ላይ ግን ዕድል አልሆነም። የካቲት 3 ቀን ግብፅና ሱዳን ተጋጥመው ግብፅ 2 ለ 1 አሸነፈች። የመጀመሪያውን ጎል በፔናልቲ ያገባው ራፋት ዐጢያ ሲሆን፣ ለሱዳን ቡራዒ እኩል አደረገ፤ ማሸነፊያውንም ያገባው አድ-ዲባ በሚባል ስሙ የታወቀው ሙሐመድ ዲያብ አል-ዐጣር ነበር። ስለዚህ ግብፆች ሜዳውንም፣ አየሩንም፣ የተመልካቹንም ጩኸት ለመዱት። ኢትዮጵያውያን ግን ቁጭ ብለው ቈዩ። የካቲት 9 ቀን በዋንጫው ጨዋታ ሲገናኙ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ጎል ያገባው ይኸው አድ-ዲባ ነው። የግብፅ ቡድን በኳስ ጥበብ የበለጠ እንደ ነበረ የሚክድ የለም፤ ቢሆንም አንድ ቡድን የተፎካከረበትን ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው በፍጻሜው ቀን መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

ፕሮግራሙን በሌላ መንገድ ለመጠገን ይቻል እንደ ነበረ ግልጽ ነው። ሦስቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው እርስ በርሳቸው ቢጋጠሙ ኖሮ ሦስት ጨዋታ ይሆን ነበር፤ ሱዳንም በአንድ ቀን ሽንፈት ከራስዋ ድግስ ባልተሰናበተች፣ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ፍጻሜ ባልደረሰች። በእርግጥ የሁለት ቀን ጊዜ ብቻ ለቀረው ኮሚቴ ይህን መምከር ከሩቅ ሲሆን ይቀላል። በግንቦት ወር 1951 ዓ.ም. ሁለተኛው ውድድር በካይሮ ሲደረግ ግን እነዚያው ሦስቱ አገሮች ናቸው የተገናኙት፤ ያን ጊዜም የተያዘው መንገድ ይኸው ሁሉም ከሁሉም የሚጋጠምበት ዙር ነበር።

ሌላም ችግር ነበረ። ሦስት አገር ብቻ በሚካፈልበት ውድድር ሁለቱ ሲጋጠሙ ገለልተኛ ዳኛ ሊገኝ የሚችለው ከሦስተኛይቱ ነው፤ ያችም ሦስተኛ አገር የራስዋ ጥቅም በውጤቱ ላይ አላት። ከውጭ ዳኛ ለማስመጣት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ነገር በተመልካች ዓይን አይታይም፤ አሰናጁን ግን ከስታዲዮሙ ወንበር ይልቅ የሚያስጨንቀው እርሱ ነው።

ሥራውን የተሸከሙት ሰዎች ቍጥራቸው ጥቂት ነበር፤ ብዙዎቹም አንድ ብቻ ያልሆነ ሥራ ነበራቸው። ሱዳናዊው ዶክቶር አብደል ሐሊም ሙሐመድ ሐኪም ነበሩ፤ ደራሲም ነበሩ። በ1967 በአውሮጳ አቈጣጠር የዐረብ መሪዎች በካርቱም ሲሰበሰቡ የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር ከነበሩት ከሙሐመድ አሕመድ ማሕጁብ ጋር በወጣትነታቸው አንድ መጽሐፍ አብረው ጽፈዋል። ከሁለቱ ጓደኞች አንዱ የአፍሪቃን ኳስ፣ ሌላው የዐረብን ነገሥታትና መሪዎች በዚያችው ከተማ ማስተናገዳቸው የሚያስደንቅ አጋጣሚ ነው። የግብፅን ቡድን አሠልጥነው የመጡት ሙራድ ፋህሚ ጥቂት ዓመታት ቈይተው የኮንፌዴራሲዮኑ ዋና ጸሐፊ ሆኑና ሥራውን ሃያ ዓመት ያህል ያዙ፤ ከርሳቸውም በኋላ ልጃቸው ወረሰው። ከኢትዮጵያ በኩል የመጡት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ብዙ ዘመን የተጫወቱ፣ ደንብም የሚጽፉ፣ ቡድንም የሚያሠለጥኑ ሰው ስለ ነበሩ፣ የሜዳውንም የጠረጴዛውንም ሥራ እኩል ያውቁ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ከካርቱም የተማሩት ምን እንደ ሆነ አምስት ዓመት ቈይቶ በአዲስ አበባ ታየ። ሦስተኛው የአፍሪቃ ዋንጫ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲደረግ አራት ተጠርተው አራቱም ተገኙ፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ የተባበረው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅና ዩጋንዳ። ውድድሩ ጥር 6 ቀን ተከፍቶ ጥር 13 ቀን ተዘጋ። በመካከሉ ጥምቀት አለ። ከተራን፣ ጥምቀትንና የሚካኤልን በዓል የሚያከብር ሕዝብ በዚያ ሳምንት ታቦት ተከትሎ ጃን ሜዳ የሚወርድ መሆኑን የማያውቅ አሰናጅ ቢሆን ኖሮ፣ አንዱን ጨዋታ በጥር 11 ላይ ጥሎት ስታዲዮሙ ባዶ በቀረ ነበር። በጥምቀት ዕለት ጨዋታ አልነበረም። ኢትዮጵያም በፍጻሜው ግብፅን በተጨመረው ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የካርቱሙን ብድር መለሰች፤ ዋንጫውንም ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ የአስመራው ልጅ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ቀን ጎል ካገቡት አንዱ ነው።

በጥር ወር 1960 ዓ.ም. ውድድሩ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ነገሩ ሌላ ሆኖ ነበር። በፍጻሜው ዙር የሚሰለፉት አገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ስምንት ሆኑ። በ1949 ሁለት ብቻ የነበረው ጨዋታ 16 ደረሰ። እንዲህ ያለውን ጭነት አንድ ከተማ ብቻ አይሸከመውም ተብሎ በአዲስ አበባና በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሁለተኛ ከተማ በነበረችው በአስመራ ተከፈለ። የኢትዮጵያ ምድብ በአዲስ አበባ ሲቀር፣ ጋና፣ ሴኔጋልና ሁለቱ ኮንጎዎች በአስመራ ቺቸሮ ስታዲዮም ተጋጠሙ። በሁለቱ ከተሞች መካከል በመኪና የሚሄድ ሰው አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተራራና ገደል ማቋረጥ ስላለበት፣ የቡድንና የዳኛ መተላለፊያ በኤሮፕላን ሆነ ማለት ነው። አንድ ኤሮፕላን በደመና ምክንያት የዘገየ እንደ ሆነ የሁለት ከተማ ፕሮግራም ይዘባረቃልና፣ በሁለት ከተማ ማሰናዳት ድካሙ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል እንጂ በግማሽ አይቀልም።

አስመራ የወሰደችው ድርሻ ከንቱ አልሆነም። በፍጻሜው ጨዋታ የተገናኙት ጋናና ኮንጎ ኪንሻሳ ሁለቱም በአስመራ ምድብ የተጫወቱ ነበሩ፤ ኮንጎም 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በዚያ ዓመት ጥምቀት በግማሽ ፍጻሜውና በፍጻሜው መካከል ውሎ ነበርና አሁንም ያ ቀን ለታቦቱ ተለቀቀ። የፍጻሜውን ጨዋታ በፉጨት የመራው ዳኛ ማን እንደ ነበረ ቢጠየቅ ብዙ ሰው አያውቅም፤ በካርቱም በኢትዮጵያ ላይ አራት ጎል ያገባው አድ-ዲባ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ ተራው የሱዳን ሆነ። ካርቱም በ1949 ሁለት ጨዋታ ያስተናገደችበትን ውድድር አሁን ስምንት ቡድን ይዞ ሲመጣባት፣ እርስዋም ሸክሙን በደቡብ ምሥራቅ በጥቍር ዐባይ ዳር ከምትገኘው ከወድ መደኒ ጋር ተካፈለችው። ከዚህም በቀር በግንቦት ወር 1961 የጦር መኰንኖች የሱዳንን መንግሥት ይዘው ስለ ነበረ፣ ዝግጅቱ የተጀመረው በአንድ መንግሥት፣ የተፈጸመው በሌላ መንግሥት ነው። ሚኒስትሮች ሲለዋወጡ የኳሱ ማኅበር ባለበት መቈየቱ ውድድሩን አድኖታል ማለት ይቻላል። የፍጻሜው ጨዋታ የካቲት 9 ቀን ዋለ፤ ከ13 ዓመት በፊት ኢትዮጵያና ግብፅ በዚያው ከተማ ለዋንጫ በተገናኙበት በዚያው ዕለት ማለት ነው። ሱዳን ጋናን 1 ለ 0 አሸነፈች። ለኢትዮጵያ ግን ካርቱም አሁንም አልቀናትም፤ ኮትዲቯር 6 ለ 1 ስታሸንፋት ሎራን ፖኩ የተባለው ተጫዋች ብቻውን አምስት ጎል አገባባት።

ካርቱም ከኳስ ሌላ ታላላቅ ጉባኤዎችንም አስተናግዳለች፤ ከነዚህም የተገኘው ትምህርት ሁሉ መልካም አይደለም። በሐምሌ ወር 1970 ዓ.ም. የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት መሪዎች የተሰበሰቡባት ጊዜ፣ በቻይናዎች ርዳታ የተሠራውን የወዳጅነት አዳራሽ አግኝታ ነበር። በጥር ወር 1998 ዓ.ም. የአፍሪቃ ኅብረት ጉባኤ ሲደረግባት ደግሞ ዝግጅቱ ከአዳራሽም አልፎ ሄደ። ለፕሬዚዳንቱ የተገዛች አንዲት የመዝናኛ መርከብ ከፖርት ሱዳን ወደብ በየብስ ተጭና፣ ስንት የኤሌክትሪክ ሽቦ እየተነሣላት፣ በካርቱም መንገድ ላይ ስትንገታገት ጉባኤው አለፈ። መርከብ በምድረ በዳ ሲጓዝ ያየ ሰው መሣቁ አይቀርም። ዋናው ጉዳይ ግን መርከቡ አልነበረም። ጋባዥይቱ ሱዳን የኅብረቱ ሊቀ መንበር እሆናለሁ ብላ ስትጠብቅ፣ በዳርፉር ጦርነት ምክንያት ሌሎቹ መሪዎች ስላልተስማሙ ወንበሩ ለኮንጎው ፕሬዚዳንት ለዴኒ ሳሱ ንጌሶ ተሰጠ። አዳራሹ ተሟልቶ፣ ምግቡ ቀርቦ፣ በራስዋ ቤት ውስጥ ማን ከፍ ባለው ወንበር እንደሚቀመጥ አስቀድማ ሳትጨርስ ቀረች።

በ1949 በግራንድ ሆቴል የተሰበሰቡት ጥቂት ሰዎች ያደረጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ አዳራሽ ሳይኖራቸው የወንበሩን ነገር ጨረሱ። የጨረሱትንም አልለወጡትም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴራሲዮኑ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ድረስ ሲሠሩ፣ የደቡብ አፍሪቃን ነገር በፊፋ ጉባኤ ላይ ሁሉ ያነሡ ነበር። ፊፋም በሐምሌ ወር 1968 ዓ.ም. ያንን ማኅበር ከአባልነት አስወጣ። አፓርታይድ ሲወድቅ በ1984 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪቃ እንደ ገና ተቀባይነት አገኘች፤ ዘሩ ሳይለይ የተመረጠ ቡድን ይዛ ነበር የመጣችው፤ በካርቱም የተጠየቀችውም ይኸው ነበር።

የ1988ቱ ውድድር ለኬንያ ተሰጥቶ ሳለ ዝግጅቱ ስላልተሟላ ተነሥቶ ለደቡብ አፍሪቃ ተሰጠ። ስለዚህ በ1949 በእንግድነት ያልተገኘችው አገር አሁን ራስዋ ደጋሽ ሆነች። የተጠሩት 16 ነበሩ። ሆኖም ናይጄሪያ፣ በጥቅምት ወር ጸሐፊውን ኬን ሳሮ ዊዋን በመግደልዋ ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ ክፉኛ ስለ ነቀፏት፣ ውድድሩ ሊከፈት ጥቂት ጊዜ ሲቀረው አልመጣም አለች። በ16 ተነድፎ የነበረው ፕሮግራም በ15 ተጀመረ፤ አንዱ ምድብ እንደ ካርቱሙ ዘመን ሦስት ቡድን ብቻ ይዞ ቀረ። በዚህ ጊዜ ግን ሦስቱም እርስ በርሳቸው ተጋጠሙ እንጂ ማንም ሳይጫወት አላለፈም።

ጥር 25 ቀን 1988 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ ደቡብ አፍሪቃ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። ማንዴላ የቡድኑን ማልያ ለብሰው በተገኙበት ዋንጫውን የተቀበለው ነጩ አምበል ኒል ቶቪ ነበር። ይህ ዋንጫ በካርቱም የተሰጠው የሳሌም ዋንጫ አልነበረም፤ ያንን ጋና ሦስት ጊዜ በማሸነፍዋ በ1970 ዓ.ም. ለዘለቄታው ወስዳው ነበርና።